ጠርጥሮ መመንጠር፦ የሐሰተኛ ኢሜይል ታሪክና ሒሳብ ከአውሮራ ሲታይ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአውሮራ ቡና ሲፈላ፣ ከአቦሉ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ አንድ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ስልኩ የጎረቤቴ ነው፤ እትዬ እያልኩ የምጠራቸው፣ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ እናት ናቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «እስቲ እየው ልጄ፤ ይኼ እውነት ነው?» ይሉኛል። አንድ ቀን ያሳዩኝን ኢሜይል ጎንደር ያለው የእህታቸው ልጅ ነበር ያስተላለፈላቸው። ከላይ የንስር ማኅተም አለበት። ዲቪ እንደደረሰውና ጉዳዩ እንዲፋጠን በ72 ሰዓት ውስጥ ገንዘብ በሐዋላ መላክ እንዳለበት በእንግሊዝኛ ይናገራል። ልጁ ዲቪ ሞልቶ ነበር፤ ገንዘቡ ግን የሚገኘው ጎንደር ሳይሆን አውሮራ ነው። «ውሸት ነው፣ ያጥፉት» አልኳቸው። ሁላችንም እንደምናደርገው ተረቱንም ጨመርኩበት፦ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

እትዬ ምክሬን ሰሙ። ብዙም ሳይቆይ ያ ምክር ራሱ ዋጋ አስከፈላቸው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ያ ኢሜይል ከየት መንጭቶ፣ በማን ወጪ እትዬ ስልክ ላይ እንደደረሰ ማየት ያስፈልጋል። ታሪኩ ከምንገምተው በላይ የእኛ ነውና።

በአንድ ጊዜ ለብዙ ሰው የተላከ የመጀመሪያው ያልተጠየቀ የንግድ ኢሜይል የሚባለው እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 1978 የተላከው ነው። ጌሪ ቱርክ የተባለ የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ ሠራተኛ፣ የዛሬው ኢንተርኔት ቅድመ አያት በሆነው በአርፓኔት በኩል 400 ለሚሆኑ ሰዎች የአዳዲስ ኮምፒውተሮች ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ላከ። ተቀባዮቹ ተቆጡ፤ መረቡን የሚያስተዳድሩትም ተቃውሟቸውን ገለጹ። ኩባንያው ግን ገዢ አገኘ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በዚህች ትንሽ ታሪክ ውስጥ በዘር መልክ አለ፤ ብዙዎች ይበሳጫሉ፣ ጥቂቶች ይገዛሉ፣ ላኪውም የሚቆጥረው የገዙትን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ ቀጥታ የሚመለከተው እኛን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ እኛ «ዲቪ» የምንለውን ዕጣ ፈጠረ፤ የመጀመሪያው ምዝገባም በ1994 ተካሄደ። አመልካቹ ስሙንና ጥቂት መረጃውን በተራ ወረቀት ላይ ጽፎ በፖስታ ከመላክ በቀር የሚጠበቅበት ነገር አልነበረም፤ ለመንግሥት የሚከፈል የምዝገባ ክፍያም አልነበረም። ምዝገባው ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1994፣ ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲግል የተባሉ የአሪዞና ባልና ሚስት ጠበቆች ከ5,000 በላይ ለሆኑ የዩዝኔት የውይይት ቡድኖች አንድ ዓይነት ማስታወቂያ በተኑ። ርእሱ የግሪን ካርድ ሎተሪ የመጨረሻው ዙር ይሆን እንዴ ብሎ ይጠይቃል። በነጻ የሚሠራውን ነገር ጠበቆቹ በክፍያ እንሙላላችሁ አሉ።

የተቃውሞው ብዛት የአገልግሎት ሰጪያቸውን ኮምፒውተሮች እስከማሽመድመድ ደረሰ። ባልና ሚስቱ ግን 100,000 ዶላር ያህል እንዳገኙ ተናገሩ፤ በኢንተርኔት እንዴት ሀብት እንደሚከማች የሚያስተምር መጽሐፍም አሳተሙ። በ1997 የቴነሲ ግዛት የካንተርን የጥብቅና ፈቃድ ሲሰርዝ፣ ያ ማስታወቂያ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

እንግዲህ «ስፓም» የሚለውን ቃል ዓለም እንዲለምደው ያደረገው መልእክት የተሸጠው በዲቪ ተስፋ ላይ ነው። ዛሬ በኮልፋክስና በሃቫና ጎዳናዎች ላይ ሱቅና ምግብ ቤት ከፍተው ከምናያቸው ወገኖቻችን ብዙዎቹ ወደዚህ የመጡት በዚያው ዕጣ ነው። ዕጣውና ማጭበርበሩ አብረው ተወልደው አብረው አደጉ። እትዬ ስልክ ላይ የነበሩት ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ዲቪው፣ የሚያጣድፈው ቀነ ገደብና በነጻ ለሚገኝ ነገር የተጠየቀው ክፍያ፣ በ1994ቱ ማስታወቂያ ላይም ነበሩ። ጠበቆቹ ቢያንስ ፎርሙን ይሞላሉ፤ የእትዬ ላኪ ግን የሚሞላው ምንም ነገር የለውም።

ይህ ንግድ ለምን አልከሰመም? መልሱ ያለው ከሒሳቡ ላይ ነው። የወረቀት ደብዳቤ ለእያንዳንዱ ተቀባይ ፖስታና ቴምብር ይፈልጋል። ፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊም ለእያንዳንዱ ገጽ ጊዜውን ይከፍላል። ወጪው ራሱ ልጓም ነው፤ ለማይመለከተው ሰው የሚጽፍ ይከስራል። ኢሜይል ይህን ልጓም ፈታው። የመጀመሪያውን መልእክት ለማዘጋጀት ትንሽ ወጪ አለ፤ ሚሊዮንኛውን ለመላክ ግን ምንም የለም ማለት ይቻላል።

በ2008 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ስቶርም» በተባለ የተጠለፉ ኮምፒውተሮች መረብ ውስጥ ገብተው ይህን ሒሳብ ከውስጥ ለኩት። በ26 ቀናት 350 ሚሊዮን ገደማ የመድኃኒት ማስታወቂያ ኢሜይሎች ተላኩ። ተመራማሪዎቹ ወዳዘጋጁት የማስመሰያ ሱቅ ገብተው ለመግዛት የሞከሩት ሰዎች 28 ብቻ ነበሩ። ከ12 ሚሊዮን ተኩል መልእክት አንድ ገዢ ማለት ነው። የወረቀት ደብዳቤ ቢሆን ይህ ኪሳራ ነው። በኢሜይል ግን፣ በተለይ ኮምፒውተሩም መብራቱም የሌላ ሰው ሲሆን፣ ንግድ ይሆናል።

ታዲያ ወጪው የት ሄደ? አልጠፋም፤ ከላኪው ወደ ተቀባዩ ዞረ እንጂ። ጀስቲን ራኦና ዴቪድ ራይሊ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ስፓም የአሜሪካ ድርጅቶችንና ተጠቃሚዎችን በዓመት ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስወጣ፣ ላኪዎቹና ነጋዴዎቻቸው ግን ከመላው ዓለም የሚሰበስቡት 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ገመቱ። ላኪው 1 ዶላር እንዲያገኝ ሌላው ሰው 100 ዶላር ያጣል። የ1 ብር ዳቦ ለመስረቅ የ100 ብር በር የሚሰብር ሌባ እንደማለት ነው።

ተራው ስፓም ሸቀጥ ሲሸጥ፣ የማጭበርበሪያው ደብዳቤ ደግሞ ሰውን ራሱን ያድናል። በናይጄሪያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ ቁጥር «419» ተብሎ የሚጠራው፣ የሟች ባለሥልጣንን ሚሊዮኖች አብረን እናውጣ የሚለው ደብዳቤ፣ ለብዙዎች መሳቂያ ነው። ይህን የመሰለ ቂል ታሪክ ለምን ይጽፋሉ? የማይክሮሶፍቱ ተመራማሪ ኮርማክ ኸርሊ በ2012 የሰጠው መልስ ቀላል ነው። መላኩ ነጻ ነው፤ መልስ ከሰጠው ሰው ጋር ለሳምንታት መጻጻፍ ግን ለአጭበርባሪው ጊዜና ገንዘብ ነው። ስለዚህ ተጠራጣሪው ከመጀመሪያው ስቆ እንዲያልፈው ይፈልጋል። ቂልነቱ ወንፊት ነው፤ አጥልሎ የሚያስቀረውም እንግዳ የሆነበትን፣ ብቸኛውን፣ ቋንቋው ያልገባውን ነው።

እኔ ዴንቨር ስመጣ፣ ይህ ሁሉ የሚሠራው ባሕር ማዶ በጨለማ ክፍል ውስጥ ይመስለኝ ነበር። ሆኖም የዚህ ንግድ ታላላቅ ስሞች ጎረቤቶቻችን ነበሩ። ስኮት ሪክተር ኩባንያውን የሚያንቀሳቅሰው ከዴንቨር በስተሰሜን ካለችው ከዌስትሚንስተር ነበር። በዲሴምበር 2003 ማይክሮሶፍትና የኒው ዮርክ ዋና ዐቃቤ ሕግ ከሰሱት። ኩባንያው በ2005 የኪሳራ ጥበቃ ከጠየቀ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ለማይክሮሶፍት 7 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሌላው ኤድዋርድ ዴቪድሰን ነው። ከዴንቨር አካባቢ እየሠራ በሐሰተኛ የላኪ አድራሻ የርካሽ አክሲዮን ማስታወቂያ ይበትን ነበር። ከ2003 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት ወደ 3.5 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። በኤፕሪል 2008 የዴንቨር ፌዴራል ፍርድ ቤት 21 ወር እስር ፈረደበት፣ ለታክስ መሥሪያ ቤቱም ከ714 ሺህ ዶላር በላይ እንዲከፍል አዘዘው። ሦስት ወር ሳይሞላ ከእስር ካምፑ አምልጦ፣ ከአውሮራ በስተምሥራቅ ባለችው ቤኔት ባለቤቱንና ትንሽ ልጁን ገድሎ ራሱን አጠፋ።

በሁለቱ ጉዳዮች ላይ ልብ ያልኩት አንድ ነገር አለ። ዴቪድሰን የተቀጣው ያልተጠየቀ ማስታወቂያ በመላኩ ብቻ አይደለም፤ የላኪውን ማንነት በመዋሸቱና ታክስ በመሰወሩ ነው። በዲሴምበር 2003 የጸደቀው «ካን ስፓም» የተባለው የአሜሪካ ሕግ ፈቃድ ሳይጠይቁ ማስታወቂያ መላክን አልከለከለምና። ላኪው እውነተኛ አድራሻውን ከጻፈና ተቀባዩ «አልፈልግም» ሲለው ካቆመ በቂ ነው። የኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ግን መነሻው ሌላ ነው። ልዩ ሁኔታዎችን ቢያስቀምጥም፣ ያለ ተቀባዩ ቅድሚያ ፈቃድ የንግድ ማስታወቂያ በኢሜይል ማሰራጨትን ወንጀል አድርጎታል። የአንዱ ሕግ ሐሳብ «በሩን አንኳኩቶ የሚያስቸግርህን ሂድ በለው» ነው፤ የሌላው «ሳትጠራ አታንኳኳ» ነው። የትኛው በተሻለ እንደሚፈጸም ሌላ ጥያቄ ነው። የሥነ ምግባሩ ልዩነት ግን ግልጽ ነው፤ አንዱ ሥራውን ለተቀባዩ፣ ሌላው ለላኪው ይሰጣል።

ላኪውን መያዝ ከባድ ነው። ገንዘቡ የሚያልፍበት በር ግን ጠባብ ነው፤ ከእነዚያ በሮች ትልቁ ደግሞ እዚሁ አለ። የዌስተርን ዩኒየን ዋና መሥሪያ ቤት ዴንቨር ነው። ከእኛ መካከል በዚያ በር ያላለፈ ማን አለ? የፋሲካው በግ፣ የወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናት መድኃኒት በዚያው መስኮት አልፏል። የእትዬ ኢሜይልም ገንዘቡ በሐዋላ እንዲላክ ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። ሐዋላ የልመናና የውለታ መንገዳችን ስለሆነ እጃችን ለምዶታል፤ አንዴ ከተወሰደ ደግሞ አይመለስም።

በጃንዋሪ 2017 ኩባንያው ከአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴርና ከፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጋር ባደረገው ስምምነት 586 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። አንዳንድ ወኪሎቹ ከአጭበርባሪዎች ጋር እየሠሩ መሆናቸውን እያወቀ በቂ እርምጃ እንዳልወሰደ፣ ለማጭበርበሩም እገዛ እንዳደረገ አመነ። የንግድ ኮሚሽኑ ባቀረበው ክስ መሠረት፣ ከ2004 እስከ ኦገስት 2015 ድረስ በማጭበርበር ስለተላከ ገንዘብ ለኩባንያው የደረሱት አቤቱታዎች ከ550 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ገንዘቡም ከ632 ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል። በማርች 2020 በተጀመረው ክፍያ 109 ሺህ ለሚሆኑ ተጎጂዎች 153 ሚሊዮን ዶላር ተመለሰ።

ይህ ቁጥር ብዙ ይነግረናል። ግማሽ ሚሊዮን ሰው «ተታለልኩ» ብሎ አመልክቷል። እያንዳንዱ ለየብቻው ሲታይ ያልጠረጠረ ሞኝ ነበር። አንድ ላይ ሲደመሩ ግን የታየው የእነሱ ሞኝነት አልነበረም፤ መስኮቱ ክፍት መተዉ ነበር። በ2011 የወጣ ሌላ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። በስፓም ከሚተዋወቁት መድኃኒቶችና ሸቀጦች 95 በመቶ የሚሆኑት ክፍያ የሚፈጸምላቸው በሦስት ባንኮች ብቻ ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተቀባዮች ላይ ከመጮኽ፣ ሦስት በር ማንኳኳት ይቀላል።

ወደ ሀገር ቤት ስንመለስ ደግሞ ሌላ መካከለኛ ሰው እናገኛለን። የዲቪ ምዝገባ ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ በኢንተርኔት ብቻ ሆነ። ያን ጊዜ ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ያለው ኢትዮጵያዊ እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ በየኢንተርኔት ካፌው በር ላይ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ብዙዎቹ ካፌዎች በትንሽ ብር ሐቀኛ አገልግሎት ሰጥተዋል። አንዳንዱ ግን የአመልካቹን የማረጋገጫ ቁጥር ለራሱ ያስቀር ነበር። ዕጣው ከወጣ ቁጥሩ ያለው እሱ ነው፤ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ወይም በወረቀት «ሚስት» ወይም «ባል» ካልተጨመረ ቁጥሩን አልሰጥም ይላል። የአሜሪካ መንግሥት ዕጣ የደረሳቸውን ሰዎች በኢሜይል አያበሥርም፤ ውጤቱን ማየት የሚቻለው በዚያ ቁጥር በድረ ገጹ ላይ ነው። ቁጥሩ የሌለው ሰው እውነቱን ማጣራት ስለማይችል፣ የንስር ማኅተም ያለበት ኢሜይል ሲደርሰው ያምናል። ሐሰቱ የሚያድገው እውነቱ የተቆለፈበት ቦታ ላይ ነው።

እውነተኛው በርም ቢሆን አንዳንዴ የሐሰተኛውን ይመስላል። በሜይ 2011 በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ዕጣ እንደደረሳቸው ያነበቡ 22 ሺህ የሚሆኑ ሰዎች፣ ከቀናት በኋላ ውጤቱ በኮምፒውተር ስሕተት ምክንያት ተሰርዟል ተባሉ። ዕጣው በሐምሌ እንደገና ወጣ። «ደርሶሃል» ያለው መንግሥት «አልደረሰህም» ሲል የሰማ ሰው፣ ነገ ማንን ይመን?

አጭበርባሪዎች ለራሳቸው የሚሰጡት ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው «የሚታለለው ስግብግብ ነው» የሚል ነው። እትዬ የፈለጉት ሚሊዮን ዶላር አልነበረም፤ የእህታቸው ልጅ ዕድሉ እንዳያመልጠው ነበር። ሁለተኛው «የሚከፍለው ሀብታም ሀገር ነው» የሚል ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ እንደመዘገበው፣ በ2024 በኢንተርኔት ወንጀል ከጠፋው 16.6 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 5 ቢሊዮን የሚጠጋውን ያጡት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ሠርተው ያጠራቀሙ ይኖራሉ። ሀገር አይከፍልም፤ ሰው ነው የሚከፍለው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ላኪውን መኮነን ቀላል ይመስለኝ ነበር። በፌብሩዋሪ 2025 የሰማነው ዜና ግን ነገሩን አከበደው። ከማያንማር ድንበር የማጭበርበሪያ ግቢዎች ተለቀው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት የ20 ሀገራት 260 ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በጥሩ ደመወዝ የቢሮ ሥራ ተብለው የሄዱ ወጣቶች ፓስፖርታቸው ተነጥቆ፣ በዱላና በኤሌክትሪክ ንዝረት እየተገደዱ፣ በሐሰተኛ የፍቅርና የኢንቨስትመንት መልእክት ሌሎችን እንዲያታልሉ የተደረጉባቸው ቦታዎች ናቸው። እነዚህ ልጆችም በመጀመሪያ የደረሳቸው አንድ መልእክት ነበር፤ እነሱም ቤተሰባቸውን ሊረዱ ነው የወጡት። አውሮራ ውስጥ አንዲት እናት የምታነበውን ውሸት፣ የሌላ እናት ልጅ ታስሮ ጽፎት ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ጫፍ የሚከፍሉት እኛው ነን።

አሁን ወደ እትዬ ልመለስ። የዲቪውን ኢሜይል ካጠፉ በኋላ ምክሬን አጥብቀው ያዙ። የማያውቁት ሰው የላከውን ሁሉ ሳይከፍቱ መሰረዝ ጀመሩ። ከእነዚያ መካከል የጤና መድንዎን ያድሱ የሚል እውነተኛ ማስታወቂያ ነበር፤ እሱም ቀነ ገደብ ነበረው፣ እሱም በእንግሊዝኛ ነበር፣ እሱም ማኅተም ነበረው። ያወቁት የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ሄደው «መድንዎ ተቋርጧል» ሲባሉ ነው። እንደገና እስኪቀጥል ሳምንታት ፈጀ፤ በዚያ መካከል የመድኃኒቱን ዋጋ ከኪሳቸው ከፈሉ። አንድም ቃል አልወቀሱኝም። «ምን ላድርግ ልጄ፣ ሁሉም አንድ ይመስላል» ብቻ አሉ።

ጠርጥረውም ተመነጠሩ። ተረቱ ይህን አያውቅም። ተረቱ የተነገረው ሌባና ጎረቤት በፊት በሚለዩበት፣ ማታለልም የራሱ ድካምና ወጪ በነበረው ዘመን ነው። ዛሬ ላኪው ምንም ሳይከፍል የሚበትነውን ውሸት አበጥሮ የመለየቱን ሥራ፣ ተረታችን ደግሞ ሙሉ በሙሉ በተቀባዩ ትከሻ ላይ ይጭነዋል። ሲታለሉ «ለምን አልጠረጠርሽም?» ብሎ ያሳፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ አይናገርም፣ አያመለክትም። መስኮቱ ክፍት እንደሆነ የታወቀው ግማሽ ሚሊዮን ሰው አፍሮ ዝም ስላላለ ነው።

እኔም ምክሬን ቀይሬአለሁ። «ያጥፉት» ማለቱን ትቼ «ቅዳሜ ያምጡት» እላለሁ። ኢሜይሉ ላይ ያለውን ስልክ ሳይሆን፣ ከመድን ካርዳቸው ጀርባ ያለውን ቁጥር አብረን እንደውላለን። የእህታቸው ልጅ ቁጥሩን ከካፌው ተቀብሎ ራሱ ጋ እንዲያስቀምጥ አስደርገነዋል። ሌሎችም ስልካቸውን ይዘው መምጣት ጀምረዋል፤ አንድ ጋሼ ባለፈው ሳምንት ሦስት መልእክት አሳዩን፣ ሁለቱ ውሸት ነበሩ፣ አንዱ እውነት። ይህም ጊዜ ይወስዳል፤ ያ ጊዜ ኢኮኖሚስቶቹ ከቆጠሩት ከመቶው ዶላር ውስጥ ነው። ግን ቢያንስ አንድ ሰው ለብቻው አይከፍለውም። ሦስተኛው ስኒ ሲቀዳ ስልኩ ወደ እትዬ ይመለሳል።